ማኅተም

ኮምቦልቻ፥ ደረቅ ወደብ፥ የሚዛኑ ቤት መስኮት፤
ሥራዬ ቁጥር ማየት ነው፥ ሌላ የለኝም ክህሎት።
የኮንቴይነሩ ቁጥር፥ የማኅተሙ፥ የታርጋው፤
አንዷ አሃዝ ከጎደለች በሩ አይከፈትም ለማንም ሰው።

ሐሙስ ዕለት ከጅቡቲ፥ ሙሄ የሚባል ሾፌር፣
ከንፈሩ የሚሌ ንዳድ፥ ቅንድቡ የባቲ አፈር፣
ወረቀቱን ዘረጋልኝ። የማኅተሟ ሣጥን ባዶ።
«ወንድሜ፥ ዕቃው ያው ነው፥ ከነነፍሱ ቆሟል፤
ቁጥሯን ኋላ ትሞላለህ፥ ምን ይጎድልብሃል?»
«ኋላ የሚባል ቁጥር የለም» አልሁት፥ ቀና ሳልል።
አጉረምርሞ ወጣ፤ እኔ ወንበሬ ላይ እንደ ዳኛ ስደላደል።

ማታ ማታ ሌላ ሥራ አለኝ። ሻርጃ ላለ አንድ ድርጅት
የዕቃ ዝርዝር እተረጉማለሁ፥ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ዐረብኛዬ የመድረሳ። ክፍያው ዩኤስዲቲ፥ የዶላር ጥላ፤
ኪስ አይሞላ፥ ጣት አይነካው፥ ግን ያበላል እንደ ሌላ።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፤ ለረውዳ ጣሪያ አሰብኋት፣
ደሴ፥ ቧንቧ ውኃ፥ ስፌት ማሽኗ ላይ ዝናብ ለሚንጠባጠብባት።

መመንዘሪያው አድራሻ ሰጠኝ፥ የግመል ገመድ የሚያክል፤
ፊደል ከቁጥር የተጎነጎነ። ኮፒ አደረግሁት።
የፊቱን አራት፥ የኋላውን አራት፥ በጣቴ ቆጠርሁት።
ኔትወርኩን አየሁ፤ «ቶን» ይላል። ሳቄ መጣብኝ፤
ቶንማ እንጀራዬ ነው፤ ቶን ደግሞ ማን ሊያስተምረኝ!
ከሥሩ ግን ሌላ ሣጥን ነበረች፥ በቀይ የተከበበች፣
«ሜሞ» የምትል፤ ስምንት አሃዝ፥ ዝም ብላ የተቀመጠች።
ዐይኔ አይቷታል። እጄ ግን ከዐይኔ ቀድሞ ሄደ፤
ተጫንሁት። «ተልኳል» አለ። ቃሉ እንደ በረዶ ወረደ።

ሰንሰለቱ ላይ ይታያል፦ ደርሷል። ሂሳቤ ላይ፦ ዜሮ።
ግቢው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፥ ከስም የለሽ ጭነት ጋራ ተደርድሮ።
ያኔ ገባኝ። አድራሻው የእኔ አይደለም፤ የሁላችን ነው፤
ወደብ ነው፤ ሺህ ሰው የሚያራግፍበት ሜዳ ነው።
የእኔን ከሰው የምትለያት ያቺ ስምንት አሃዝ ነበረች፤
ማኅተሟ። እሷን ዘለልኋት። ባዶ ሣጥን ሆና ቀረች።

ጻፍሁላቸው። ማሽን መለሰ፦ «የማመልከቻዎ ቁጥር ይህ ነው።»
ደግሞ ቁጥር!
ሌላው በቴሌግራም መጣ፥ «ድጋፍ ሰጪ ነኝ» የሚል፤
«አሥራ ሁለቱን ምሥጢር ቃል ላክልኝ፥ አሁኑኑ ይመለስልሃል።»
ይህንንስ ዐወቅሁት። የቤት ቁልፍ የሚለምን እንግዳ
ዘመድ ቢመስል ነው እንጂ፥ ዕዳ ነው የሚያስገባ ዕዳ።

ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ገባሁ፥ በዝናብ፥ በጉም፤
ረውዳ ማሽኗን በላስቲክ ጠቅልላለች፤ አልጠየቀችኝም ምንም።
ነገርኋት። ፈገግ አለች፦ «አንተኮ ሰው ትመልሳለህ በቁጥር፤
የአንዱ ሾፌር አፍ ይሆናል ያመጣብህ ይህን ነገር።
ደሞ» አለች፥ የመርፌዋን ቀዳዳ ክር ስታጎርስ፣
«ሰኞ ገበያ ሙሉ ቅል ማር ትሸከማለህ እንዴ ሳትቀምስ?»

በሃያ ሦስተኛው ቀን መጣ፥ የመፈለጊያ ሃያ አምስት ተነጭቶ፤
ቆርቆሮው ዋጋ ጨምሮ ጠበቀኝ፥ ክረምቱም ገብቶ።
አሥራ ሁለት ቅጠል ነበር ሐሳቤ፤ ዐሥር ብቻ ገዛሁ፤
የቀረችውን፥ ከበሩ በላይ ያለችውን፥ ላስቲክ አለበስሁ።

አሁን ስልክ፥ መጀመሪያ አንድ ዶላር፥ ለቅምሻ፤
ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ፥ እስክትገባ ከመድረሻ።
ኔትወርኩ ከዚያም ከዚህም አንድ መሆኑን አያለሁ፤
ሜሞዋን እንደ ሰው ስም ጠርቼ፥ አቤት እስክትል እቆያለሁ።

ሙሄ ዛሬም መጣ። ወረቀቱን ዘረጋ፤ ሁሉም ተሞልቷል።
«እያት» አለኝ፥ «ማኅተሟ አለች፤ ወይስ ዛሬም ይጎድላል?»
አየኋት። ደግሜ አየኋት። ከኋላው መኪኖች ጥሩምባ ነፉ፤
ሰባት ቁጥሮች ናቸው፤ አንድ በአንድ በጣቴ ሥር አለፉ።

«እለፍ» አልሁት።